የውኃ ቆጣሪ የሚቀመጥበት የምድር ውስጥ ሣጥን፤ ከተገጣጣሚ ክፍሎች እንዴት ሊሠራ እንደሚችል

መግቢያ

የውኃ ቆጣሪ ማለት ከዋናው መሥመር ተከፍሎ ወደ አንድ ግቢ የሚገባው ውኃ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚለካ መሣሪያ ነው። ስለ መሣሪያው አሠራር በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ተጽፏል። መሣሪያው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ግን እንደ ተራ ነገር ስለሚቈጠር፣ ግንበኛው ባገኘው ድንጋይና ብሎኬት ገንብቶ፣ ባገኘው ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ ከድኖት ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትንሽ ጉድጓድ በእውነቱ ተራ ነገር አለመሆኑን ማስረዳትና፣ በአንድ ልክ ከሚወጡ ተገጣጣሚ ክፍሎች ቢሠራ ምን ጥቅም እንደሚሰጥ በቍጥር ማሳየት ነው።

አስቀድሜ የምከራከርለትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ልግለጽ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የቆጣሪ ጉድጓድ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ጠንካራ ነው?» የሚለው ሳይሆን «የገባበት ውኃ በየት ይወጣል?» የሚለው ሊሆን ይገባዋል። ምክንያቱን ከዚህ በታች በየተራው እገልጻለሁ።

1. ቆጣሪ ስለ ምን ከምድር በታች ይቀመጣል?

የዚህ ጥያቄ መልስ በየአገሩ ይለያያል። ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮች ዋናው ምክንያት ብርድ ነው። ውኃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚጨምር ቧንቧውንና ቆጣሪውን ይሰነጥቃል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የሕንፃ ደንብ የቤት መሠረት ብርዱ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች እንዲያርፍ ያዛል፤ ይኸውም በደቡቡ ክፍል 42 ኢንች፣ በሰሜኑ ክፍል 60 ኢንች ነው። በእኛ ልክ ከ107 እስከ 152 ሳንቲሜትር ይሆናል። እንዲህ ባለ አገር ቆጣሪውን ከቤት ውጭ የሚያኖር ሰው ጥልቅ ጉድጓድ ሳይቆፍር አይሆንለትም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በግቢው ወሰን ላይ፣ በእግረኛ መንገድ ውስጥ በተቀበረ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ቧንቧው ዝቅ ብሎ ቢያልፍም፣ ሣጥኑ ውኃውን ወደ ላይ አምጥቶ እንደ ገና ወደ ታች የሚመልስ መተላለፊያ አለው። ቆጣሪውም ከክዳኑ ሥር እየተጠመዘዘ ስለሚገባ ሲበላሽ መሬት ሳይቆፈር ይለወጣል። ከዚህ ልንማረው የሚገባን ዋና ነገር፣ ቧንቧው ጥልቅ ስለ ሆነ ብቻ ቆጣሪውም ጥልቅ መሆን እንደማያስፈልገው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ብርዱ ወደ አፈሩ ጠልቆ የተቀበረ ቧንቧ አይሰነጥቅም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ቆጣሪው ከምድር በታች የሚቀመጠው ቧንቧው ቀድሞውንም የተቀበረ ስለ ሆነ፣ ከፀሐይና ከግጭት፣ ከነካኪ እጅም እንዲጠበቅ ተብሎ ነው። የእኛ ጠላት ብርድ ሳይሆን ዝናብ ነው። በዓመት ከሚወርደው ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠራቅሞ ይዘንባል።

ስለ ሌሎቹ ቆጣሪዎች ባጭሩ ልናገር። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ውኃና እርጥበት ስለማይስማማው ከመሬት ከፍ ብሎ በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ከምድር በታች ይሁን ከተባለ ውኃ ፈጽሞ የማያስገባ ውድ ሣጥን ይጠይቃል። የጋዝ ቆጣሪም በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ የሚያፈተልከው ጋዝ ተጠራቅሞ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። በአዲስ አበባ ግን ጋዝ በሲሊንደር እንጂ በቧንቧ ወደየቤቱ ስለማይታደል ይህ አያሰጋንም። ስለዚህ ከምድር በታች ለመቀመጥ በባሕርዩ የሚስማማው የውኃው ቆጣሪ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ እርሱ ብቻ ነው።

2. በጉድጓዱ ውስጥ የቆመ ውኃ የሚያመጣው ጕዳት

በጉድጓድ ውስጥ የሚቆም ውኃ ሦስት ዓይነት ጕዳት ያመጣል።

የመጀመሪያው ቆጣሪው እንዳይነበብ ማድረጉ ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቆጣሪው ከዋናው በር አጠገብ በጥቁር ድንጋይ በተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። በክረምት ወራት ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ጊዜ ዘበኛው አስቀድሞ ጭቃውን ውኃ በጣሳ እየቀዳ ማውጣት ነበረበት። ዘበኛው በሌለበት ቀን አንባቢው በግምት ጽፎ ይሄድ ነበር። በግምት የተጻፈ ሒሳብ ደግሞ ውሎ አድሮ ጠብ ያመጣል። አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራዮች በሚያገለግልበት ግቢ፣ በክረምት ሳይነበብ የተጠራቀመው ሒሳብ በጥቅምት በአንድ ጊዜ ሲመጣ፣ በነሐሴ ቤቱን ለቆ የሄደው ተከራይ ዕዳ በቀሩት ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጕዳት በመሣሪያው ላይ የሚደርሰው ነው። የቆጣሪው መስታወት ይደበዝዛል፤ ማያያዣዎቹና መዝጊያዎቹ ይዝጋሉ፤ ሊፈታ የሚገባው ነገር ሁሉ በመጋዝ የሚቈረጥ ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ ነገር ግን በዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው አያስበውም። ቧንቧው በግፊት በተሞላ ጊዜ በማያያዣው ላይ ያለች ቀዳዳ ንጹሑን ውኃ ወደ ውጭ ታንጠባጥባለች። ይህ ብክነት ቢሆንም መርዝ አይደለም። ውኃው በፈረቃ በተቋረጠ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የከተማው መሬት ከእንጦጦ ሥር ጀምሮ ወደ አቃቂ የሚያዘቀዝቅ ስለ ሆነ፣ ከታች ያሉት ቤቶች ቧንቧቸውን ሲከፍቱ በመሥመሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ እነርሱ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ቧንቧም ባዶ ሊሆን ሲል ይስባል። በዚያን ጊዜ ያችው ቀዳዳ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ጭቃ ውኃ ወደ ውስጥ ትጠጣለች።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል በቍጥር እንመልከተው። ቧንቧው በ3 ሜትር የውኃ ከፍታ ልክ የሚስብ ይሁን፤ በጉድጓዱ ውስጥም ከማያያዣው በላይ 40 ሳንቲሜትር ውኃ ቆሟል እንበል። ውኃውን የሚገፋው ከፍታ በድምሩ 3.4 ሜትር ይሆናል። በቶሪቼሊ ሕግ መሠረት የሚገባው ውኃ ፍጥነት በሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ነው። ቀዳዳዋ 2 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖራት፣ በመጥበብ ምክንያት የሚቀነሰው ተቀንሶ፣ በሰዓት 55 ሊትር ያህል ቆሻሻ ውኃ ወደ መጠጥ ውኃው ይገባል። ይህም ከሁለት ትልልቅ ጀሪካን ይበልጣል። ፈረቃው ደርሶ ውኃው በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚደርሰው ይኸው ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ከቆጣሪው ቀጥሎ ውኃ የማይመልስ ቫልቭ ከተገጠመ ይበቃል ይላሉ። ቫልቩ ከቤት ወደ መሥመሩ የሚመለሰውን ውኃ በመልካም ይከለክላል። ከቆጣሪው በፊት ባለው ማያያዣ የሚገባውን ግን ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ማያያዣው በውኃ ውስጥ እንዳይሰጥም ማድረግ ነው።

3. ተገጣጣሚ ሣጥን

ተገጣጣሚ ማለት በአንድ ልክ ተሠርተው አንዱ በሌላው ላይ የሚቀመጡ፣ ሲያስፈልግም የሚነሡ ክፍሎች ያሉት ማለት ነው። እኔ የማቀርበው አሠራር አራት ዓይነት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የመሠረት ክፈፍ፣ የመካከል ክፈፍ፣ የላይ ክፈፍና ክዳን ናቸው።

ልኩን የሚወስነው ቆጣሪው ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ባለ ግማሽ ኢንች ቆጣሪ ብዙ ጊዜ 165 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። በሁለቱም ወገን ያሉት ማያያዣዎችና መዝጊያዎች ሲጨመሩ ወደ 38 ሳንቲሜትር ይደርሳል። የሠራተኛው እጅና መፍቻው የሚዞሩበት ሥፍራ ስለሚያስፈልግ፣ የሣጥኑ ውስጥ 50 በ35 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ግድግዳው 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ቀጭን ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ቢሆን የውጩ ልክ 60 በ45 ሳንቲሜትር ይሆናል። አንዱ ክፈፍ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ሲኖረው ክብደቱ 34 ኪሎግራም ያህል ነው፤ ሁለት ሰዎች ሳይጎዱ ተሸክመው ያስቀምጡታል። አራት ክፈፎች ሲደራረቡ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይሰጣሉ።

የመሠረቱ ክፈፍ ከሌሎቹ የሚለየው፣ በሁለቱ ጫፎች ወደ ታች የተከፈተ ጉረኖ ስላለው ነው። ስለዚህ ቧንቧው አስቀድሞ ተዘርግቶ ሳለ ክፈፉ ከላይ ወርዶ እንደ ኮርቻ ይቀመጥበታል። ቧንቧው ከኮንክሪቱ ጋር እንዳይፋተግ በጉረኖው ውስጥ ጎማ ይደረጋል። ክፈፎቹ እንዳይንሸራተቱ አንደኛው ጠርዝ ጎድጎድ፣ የሌላው ጠርዝ ጎላ ብሎ ይወጣል። በመካከላቸው ሲሚንቶ አይደረግም፤ ሲሚንቶ ከተደረገ ተገጣጣሚነቱ ይቀራል።

ይህ አሠራር ለከተማችን የተለየ ጥቅም አለው፤ መንገዶቻችን ከፍ ዝቅ ይላሉና። ቀድሞ አፈር የነበረው የሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ከፍ ይላል፤ አሮጌው የቆጣሪ ጉድጓድም ወይ ተቀብሮ ይጠፋል፣ ወይም ጎርፍ የሚወርድበት ገንዳ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራም የብዙ መንገዶችን ጠርዝ እንደ ገና ቀይሯል። የግንብ ጉድጓድ ቢሆን ፈርሶ እንደ ገና መሠራት አለበት። ተገጣጣሚው ግን አንድ ክፈፍ ሲጨመርለት 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ሲነሣለትም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ለጥቂት ለውጥ የሚሆን 5 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ቀጭን ክፈፍም በዚያው ካሳፎርማ ሊወጣ ይችላል።

4. ሣጥኑን የሚገፉት ኃይሎች

በተቀበረ ሣጥን ላይ ሦስት ኃይሎች ይሠራሉ፤ ከጎን አፈሩ፣ ከሥር ውኃው፣ ከላይ መንኰራኵሩ።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,800 ኪሎግራም ቢመዝን፣ ከክብደቱም ግማሹ ወደ ጎን የሚገፋ ቢሆን፣ በ60 ሳንቲሜትር ጥልቀት የጎኑ ግፊት በካሬ ሜትር 540 ኪሎግራም ነው። አፈሩ እስከ ላይ ድረስ በውኃ በተሞላና ሣጥኑ ባዶ በሆነ ጊዜ ግን የውኃው ብቻ 600፣ በውኃ ውስጥ ክብደቱ የቀለለው አፈር 300፣ በጠቅላላው 900 ኪሎግራም ይሆናል። ስለዚህ ውኃ ግፊቱን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል ማለት ነው። ዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ አብጦ፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ከዚህ የበለጠ ስለሚያስቸግር፣ በሣጥኑ ዙሪያ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዋልካው ተቈፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ኃይል ሣጥኑን ወደ ላይ የሚያነሣው ነው። ብዙ ሰው ውኃ እንዳይገባ ሣጥኑን ከሥር መድፈን መፍትሔ ይመስለዋል። አርኪሜዴስ እንዳስተማረን ግን በውኃ ውስጥ ያለ ነገር በገፋው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይነሣል። ከላይ የሰጠሁት ሣጥን 5 ሳንቲሜትር ወለል ተጨምሮለት ቢደፈን 175 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ 175 ኪሎግራም ኃይል ያነሣዋል። ክፈፎቹ 137፣ ወለሉ 32፣ ክዳኑ 32፣ በድምሩ 201 ኪሎግራም ስለሚመዝኑ አይንሳፈፍም። ሆኖም ክዳኑ የተነሣ እንደ ሆነ የሚቀረው 169 ኪሎግራም ነው፤ ያን ጊዜ የሚይዘው የጎኑ አፈር ብቻ ይሆናል። በዚያው ልክ ከፕላስቲክ የተሠራና 15 ኪሎግራም የሚመዝን ሣጥን ቢሆንማ እንደ ጀልባ ሊነሣና የቧንቧውን ማያያዣ ሊሰብር ይችላል። ወለሉ ክፍት የሆነ ሣጥን ግን በውስጡና በውጩ ያለው ውኃ እኩል ስለሚሆን የሚያነሣው የለም።

ሦስተኛው የመንኰራኵር ክብደት ነው። የአውሮፓ ደረጃ ክዳኖችን በሚችሉት ሸክም ይከፍላቸዋል፤ ለእግረኛ ብቻ የሚሆነው 1.5 ቶን ያህል፣ መኪና ለሚቆምበት 12.5 ቶን፣ ለዋና መንገድ 40 ቶን ይችላል። በእኛ ሰፈሮች ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ በመኪና መግቢያው በር ሥር ይቆፈራል። ጉድጓዱ ከመኪናው መግቢያ አንድ ሜትር ፈቀቅ ቢል ግን ከባዱ ክዳን አያስፈልግም። ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ይህ ነው።

5. ውኃውን ስለ ማስወጣት

ከላይ እንደ ተመለከተው የሣጥኑ ወለል ክፍት ሆኖ 20 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ባለው ንጹሕ ጠጠር ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። ይህ የሚሠራው ግን አፈሩ ውኃ የሚመጥ ሲሆን ነው። ቀይ አፈር ባለበት ተዳፋት ሥፍራ ጠጠሩ ብቻ ይበቃ ይሆናል። ዋልካ ባለበት ሜዳ ግን ጠጠሩ ራሱ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ይህን ለማወቅ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በሣጥኑ የውስጥ ልክ፣ ማለት 50 በ35 ሳንቲሜትር ሆኖ በተቈፈረ ጉድጓድ ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይፈሰሳል፤ 11 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ይኖረዋል። አፈሩ አስቀድሞ እንዲጠግብ ይህ ሁለት ጊዜ ይደገምና በሦስተኛው ይለካል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ጠጠሩ ይበቃል። እስከ ማግሥቱ ከቆየ ግን የማስወጫ ቧንቧ ግድ ነው።

የማስወጫው ቧንቧ ከጠጠሩ ወለል ተነሥቶ እያዘቀዘቀ ወደ መንገዱ ቦይ መድረስ አለበት፤ ከፍሳሽ መሥመር ጋር ግን በምንም ምክንያት አይገናኝም። አይጥ እንዳይገባበት አፉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ መጠበቅ ይገባል፤ ይኸውም የቆጣሪው ማያያዣዎች ከማስወጫው አፍ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው እንዲቀመጡ ነው። የማስወጫው ሌላ ጫፍ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ፣ ዝናብ ሲጥል እንኳ ማያያዣው ከውኃው በላይ ይቀራል። በሁለተኛው ክፍል ያየነው የመሳብ አደጋም ከአየር በቀር የሚስበው አያገኝም።

ቦዩ ከጉድጓዱ ከፍ ያለ ሲሆንስ? እንደ እኔ አስተሳሰብ በዚያ ሥፍራ ቆጣሪውን ከምድር በታች ለማኖር መሞከር ከንቱ ነው። ቧንቧውን ወደ ላይ አውጥቶ በአጥሩ ግንብ ውስጥ በተሠራ መስኮት ማስቀመጥ ይሻላል።

6. ክዳን

ከቀለጠ ብረት የተሠራ ክዳን መልካም ነበር፤ ነገር ግን በሌሊት ተነሥቶ ለቁርጥራጭ ብረት ገዥዎች ይሸጣል፤ ጉድጓዱም ለሕፃናትና ለዐይነ ስውራን ወጥመድ ሆኖ ይቀራል። የኮንክሪት ክዳን ሌባ አይመኘውም፤ ሆኖም 32 ኪሎግራም ይመዝናል። ቆጣሪ አንባቢው በቀን ብዙ ቤት ስለሚዞር በየደጃፉ ይህን ያነሣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ በትልቁ ክዳን ውስጥ 20 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ትንሽ ክዳን እንዲኖር እመክራለሁ። ትንሹ ክዳን 3.6 ኪሎግራም ብቻ ስለሚመዝን በአንድ እጅ ይነሣል፤ በንባቡ ቀን ትልቁን መንካት አያስፈልግም።

ዛሬ ደግሞ ቁጥራቸውን በሬዲዮ ሞገድ የሚያስተላልፉ ቆጣሪዎች አሉ። የብረት ክዳን ሞገዱን ስለሚያፍነው ለእነዚህ አይስማማም፤ ውኃ የሞላበት ጉድጓድም እንዲሁ ሞገዱን ያዳክመዋል። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ ራሱ ደረቅ ጉድጓድ የሚፈልግ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

7. ማጠቃለያ

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ የወጪ ጉዳይ ነው። እርግጥ ለአንድ ቤት ብቻ ካሳፎርማ ማሠራት ውድ ነው። አንዱ የብረት ካሳፎርማ ግን ሳይለወጥ ብዙ ክፈፎች ያወጣል፤ ብሎኬት የሚያመርቱ ማኅበራትም በየሰፈሩ ስላሉ አዲስ ፋብሪካ አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ አስፈላጊው ልኩ በከተማው ሁሉ አንድ እንዲሆን መወሰኑ ነው። የአንዱ ሰፈር ክፈፍ በሌላው ሰፈር ክፈፍ ላይ ካልተቀመጠ፣ ተገጣጣሚ መባሉ ስም ብቻ ይሆናል።

የጓደኞቼን እርዳታ የምጠይቅበት ነገርም አለ። ከላይ የሰጠኋቸው ቍጥሮች ከስሌት የተገኙ ናቸው፤ ስሌትም በክረምት ዝናብ ሲፈተን ነው የሚታመነው። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ሁለት ሣጥኖች አውጥተን፣ አንዱን በቀይ አፈር፣ ሁለተኛውን በዋልካ ላይ ብንቀብርና እስከ መስከረም ድረስ በየሳምንቱ በውስጣቸው የቆመውን ውኃ በማስመሪያ ብንለካ ጥሩ ነው። የሚያስፈልገን ጥቂት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ፌሮ፣ አንድም ደብተር ነው። በሐምሌ አጋማሽ በዋልካው ሣጥን ውስጥ ማያያዣው ከውኃ በላይ ሆኖ ከተገኘ አሠራሩ ለከተማው ይጠቅማል። ሰጥሞ ከተገኘም ቆጣሪው ወደ ግንቡ መውጣት እንዳለበት በማስረጃ እንናገራለን።